የወንዙ ዳር በረት

ዶክተር ኖርካ ቱርፖ ወደ በረታችን የመጣችው ዝናቡ ጠንክሮ ለሱፋቸው የምናረባቸው አልፓካዎች በሚወልዱበት ወር ነበር። አማቴ ሳቱርኒና የአባቷን ስም ሲሰሙ የሚያኝኩትን የኮካ ቅጠል እግሯ ሥር ተፉት።

«የትኛው ቱርፖ?»

«የሄርሞሄነስ ልጅ ነኝ፣ እማማ። የመጣሁት ግን ከዩኒቨርሲቲው ነው። ግልገል የሚገድለውን በሽታ እያጠናን ነው።»

«እማማ አትበይኝ። አባትሽ የባሌን ዓይን በወንጭፍ ያጠፋ ሰው ነው።»

ሐሰት አልተናገሩም። ሄርሞሄነስ የወንዝ ማዶ ሰዎች አለቃ ነው፤ በረታችን ባለበት የወንዙ ዳር ለምለም ረግረግ የተነሣ እነሱና እኛ ስንፈነካከት የኖርን ነን። ባሌ ኤውሴቢዮ ግን፣ «እናቴ፣ ግልገሎቹ እያለቁብን ነው። መድኃኒቱ ካለው ሰይጣንም ቢሆን ይግባ» አላቸውና ገባች።

ማታ ጡት ሲጠባ ያየነውን ግልገል ጠዋት ሆዱ ተነፍቶ፣ ደርቆ እናገኘዋለን። ዶክተሯ የሞቱትን ቀድዳ አንጀታቸውን አየች፤ እንደ ጉበት ጠቁሯል። ከእናቶቻቸው አንገት ደም ቀዳች፣ ከበረቱ ወለል አፈር ቆፍራ በብልቃጥ ጨመረች። አማቴ ከአናቷ ላይ ቆመው፣

«ደማቸውን ጠጥተሽ ስትጨርሺ ንገሪኝ» አሏት።

«ሲሞቱ ማየት ካልሰለችዎት እዚያው ይቁሙ» አለች፣ ቀና ሳትል።

ብልቃጦቹን ይዛ ሄደች፤ ዝናቡ ሳያባራ ውጤቱን ይዛ ተመልሳ መጣች። ተቀመጪ ያላት የለም። በሩ ላይ እንደቆመች ነገረችን። ገዳዩ ጀርም የሚኖረው በበረቱ አፈርና በፍጉ ውስጥ ነው፤ እርጥበት ይመቸዋል። እናቶቹ ደረቁ ተዳፋት ላይ ይውለዱ፣ የወንዙ ዳር በረት ለጊዜው ባዶ ይሁን አለች።

አማቴ ሳቁ። «ሰማህ ልጄ? አባትየው በድንጋይ ያቃተውን ልጅቱ በመርፌ ልትወስደው መጣች።»

«መሬታችሁን ማን ፈለገው? ግልገሎቻችሁ በገዛ ፍጋችሁ እያለቁ ነው።»

ኤውሴቢዮ ብድግ ብሎ የያዘችውን የብልቃጥ ሣጥን ነጠቃትና ብልቃጦቹን ጭቃው ላይ ደፋቸው። «ውጪ» አላት።

ሳትቸኩል ያልተሰበሩትን ለቀመች። «ከእንግዲህ ሁሉም ቢያልቁ እኔን አትጥሩኝ» ብላ ሄደች።

እኔ ከአባቴ ቤት ይዣቸው የመጣሁ የራሴ አልፓካዎች ነበሩኝ። በማግስቱ ለይቼ ወደ ተዳፋቱ ነዳኋቸው።

«እንግዲያው ከነሱ ጋር እዚያው እደሪ» አሉኝ አማቴ። «ከጠላት ጋር የመከረች እኔ ቤት አትበላም።»

እዚያው አደርኩ። ውርጭ ያደረቀው ድንች እየቆረጠምኩ በድንጋይ ከለላ ሥር ከረምኩ። አንዱን ግልገል በረዶ ገደለብኝ፤ የቀሩት በሕይወት ተረፉ። ቁልቁል ሳይ ግን አማቴ ጠዋት ጠዋት የሞተ ግልገል ቆዳ ይገፋሉ። ወደ እኔ ቀና አይሉም። በመጨረሻ ኤውሴቢዮ አልቻለም፤ የተረፉትን እየነዳ ወደ እኔ ወጣ። እናቱ ከኋላው፣ «የጠባኸው ጡቴ ይፍረድብህ» ብለው ረገሙት። እሳቸው አልወጡም። ወንጭፋቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ባዶውን በረት ይጠብቁ ጀመር።

ዝናቡ አባርቶ ሣሩ ቢጫ ሲሆን ሄርሞሄነስ ሰዎቹንና መንጋውን ይዞ ወንዙን ተሻገረ። አማቴ ወነጨፉ፤ አንዱን ጉንጩ ላይ ፈነከቱት። ሌሎቹ ከነብርድ ልብሳቸው አንሥተው ከበረቱ ግንብ ውጭ አስቀመጧቸው። እኛ ሮጠን ስንደርስ ሽቦ እያጠሩ ነበር።

«ባዶ በረት ባለቤት የለውም» አለ ሄርሞሄነስ። ኤውሴቢዮ ድንጋይ አነሣ፤ ብዛታቸውን አይቶ መልሶ ጣለው።

ኖርካን ያገኘኋት ከዚያ በኋላ፣ ገበያ ላይ ነው። የተሸከምኩትን ሱፍ አውርጄ መንገዷን ዘጋሁባት።

«ይህ እንደሚመጣ ታውቂ ነበር?»

«እኔ የማውቀው በሽታውን ነው።»

«በረቱ ባዶ እንደሚሆን ለአባትሽ አልነገርሽውም?»

«የነገርኩት አፈሩ ገዳይ መሆኑን ነው፤ ለእናንተ እንደነገርኩት። እዚያ ካስወለደ ግልገሎቹ ያልቁበታል።» ፊቷ አልተፈታም። «‹ለእነሱ ጥብቅና ቆመሽ መጣሽ› ብሎ ከቤቱ አስወጣኝ። እናንተም እሱም አንድ ናችሁ። አሁን ዞር በይልኝ።»

አመንኳት። ዞር ግን አላልኩላትም፤ ገፍታኝ አለፈች።

ለአማቴ ነገርኳቸው። «ግልገሎቹ ይለቁበት» አሉ።

በሚቀጥለው ዝናብ የማዶ ሰዎች የሞቱ ግልገሎችን እግር እየጎተቱ ወደ ወንዙ ሲጥሉ አየን። ሽቦውን ግን አልነቀሉም። የእኛዎቹ ተዳፋቱ ላይ ሣር ቢያንሳቸውም በሕይወት አሉ። አማቴ አሁን ከእኛ ጋር ናቸው። ያበሰልኩትን ይበላሉ፤ እኔን ግን አያናግሩኝም። ሾርባው ጨው ሲያንሰው ለውሻው ይነግሩታል። እኔም ሰምቼ ጨዉን አቀብላለሁ።