ምልዓተ ጉባኤው አልሞላም

ማስታወቂያው በብሎኩ መግቢያ ላይ ሲለጠፍ ለተሥላሴ ከሥራ እየተመለሰች ነበር። የሽንኩርቱን ፌስታል ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረችና ቆማ አነበበችው፤ የተደበቀ ነገር ያለ ይመስል ጎንበስ ብላ ደገመችው። የቤት ባለቤቶች በሙሉ እሑድ ከሰዓት በኋላ በኮሚናሉ እንዲሰበሰቡ ይላል። አጀንዳ፦ ኮሚናሉን ለሦስት ዓመት ስለማከራየት።

ኮሚናሉ ከብሎኩ ጀርባ የሚገኝ ባለ ቆርቆሮ ጣሪያ የጋራ ቤት ነው። በግ የሚታረደው፣ ድግስ የሚደገሰው፣ ለቅሶ የሚቀመጡት እዚያ ነው። ለተሥላሴ ባሏን ያለቀሰችው እዚያ ነው። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ልጇን መቅደላዊትን የምትድረው እዚያው ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ያለው የራሷ ቤት ስቱዲዮ ነው፤ አልጋውና ሶፋው ከገቡ ወዲህ ሰው የሚያልፈው በጎኑ ነው። አዳራሽ ለመከራየት ቀርቶ ዋጋ ለመጠየቅም አልደፈረችም። ሽማግሌዎች ሲመጡ «ቦታ አለን» ብላ አፏን ሞልታ የተናገረችው ኮሚናሉን ተማምና ነው።

«ማነው የሚከራየው?» ብላ ጎረቤቷን ዳርቱን ጠየቀቻት።

«ላምበረት እህል የሚነግድ ሰው ነው አሉ። መጋዘን ሊያደርገው።»

«ለበርናባስ ምኑ ነው?»

«ምኔም አይደለም ይላል።»

«ምኑም ያልሆነ ሰው እንዲህ አይታሰብለትም!»

በርናባስ የኮሚቴው ሰብሳቢ ነው። ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ፣ ሰው ሲያናግር እጁን ደረቱ ላይ የሚያሳርፍ ሰው። ለተሥላሴ ያን ትሕትና አታምነውም። ከሁለት ዓመት በፊት ስለ ቆሻሻ አነሳስ እንነጋገር ብሎ ጠርቷቸው፣ ገና በር ላይ አቴንዳንስ አስፈርሟቸው ነበር። ከወር በኋላ ወደ ታክሲ የሚያቋርጡበት የጀርባ በር በብየዳ ተዘጋ። ቢጮኹ ቃለ ጉባኤ አወጣላቸው፤ የሁሉም ፊርማ ከሥሩ ተያይዟል። «እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ የቀረነው ተወያይተን ወሰንን» አለ። እውነቱን ለመናገር ብዙዎቹ ከመሃል ተነሥተው ወጥተዋል። ፊርማቸው ግን አብሯቸው አልወጣም።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና፣ ለተሥላሴ ዳርቱን አስከትላ በየቤቱ ዞረች። «ኑ፤ እጃችሁን አውጥታችሁ ተቃወሙ። ወረቀቱን ግን እንዳትነኩ!» እያለች ለመነች። ሁሉም እሺ አላት።

ሁለተኛ ፎቅ የሚኖረው ናኦል ደረጃው ላይ አገኛት። ጠበቃ ቢሮ ውስጥ የሚሠራ ወጣት ነው።

«እትዬ ለተሥላሴ፣ አትፈርሙ እያሉ ነው አሉ። እንደሱ አያድርጉ።»

«ለምን?»

«ካልፈረሙ አልመጡም ማለት ነዋ። ምልዓተ ጉባኤ የሚቆጠረው በፊርማ ነው። በደንባችን መሠረት ከባለቤቶቹ ከግማሽ በላይ ካልተገኘ ውሳኔው አይጸናም። ሁለተኛ ጊዜ ሲጠራ ግን በመጣው ሰው ይወሰናል፤ አምስትም ይሁን ስድስት።»

ለተሥላሴ ከላይ እስከ ታች አየችው። ባለፈው ቀን ይኸው ልጅ ታች ካፌው ውስጥ ከበርናባስ ጋር ግንባር ለግንባር ገጥሞ ሲያወራ አይታዋለች።

«ያን ቀን ማኪያቶውን ማን ከፈለ?»

ናኦል ሳቀ። «እኔ ነኛ። እሱ እቴ፣ ቋጣሪ ነው።»

«ጠባዩንም አጥንተህለታል ማለት ነው» ብላው ወጣች።

ለዳርቱ አልነገረቻትም። የማይረባ ነገር አንስቶ ሰው ማደናገር ምን ያደርጋል ብላ ተወችው።

እሑድ ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ ባሕር ዛፉን እያንሿሿ የኮሚናሉን ቆርቆሮ ያንኳኳል። በሩ ላይ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ አቴንዳንስ ተቀምጧል። በርናባስ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «እባካችሁ ስትገቡ ፈርሙ» ይላል። ሰዉ እጁን ኪሱ ከትቶ ያልፋል። ዳርቱ «ጣቴን ቁርጥማት ይዞኛል» አለች። ሽማግሌው አቶ አካሉ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ እንደሰቀሉ «መነጽሬን ረስቻለሁ፣ ልጄ» ብለው ገቡ።

ቤቱ ጢም አለ። በርናባስ ኪራዩ ለውኃ ፓምፑ ማሠሪያ እንደሚውል አስረዳ። «አራተኛ ፎቅ ውኃ የሚደርሰው በሳምንት አንዴ ነው። ወይዘሮ ለተሥላሴ ጀሪካን ተሸክመው ሲወጡ ሁልጊዜ አያለሁ።»

ልቧ ትንሽ ራራ። ወዲያው ደግሞ፣ ይሄ ሰው ምን ጉዳይ ኖሮት ነው እኔን ሁልጊዜ የሚያየኝ? አለች።

ድምፅ ሲሰጥ የተቃወመው እጅ ቤቱን ሞላው። ዳርቱ እልልታዋን አቀለጠችው። በርናባስ እስክትጨርስ ጠበቀ፤ ከዚያም አቴንዳንሱን አንሥቶ አየና በዝግታ አጠፈው።

«ድምፃችሁን አይቻለሁ። የፈረመው ግን ሰባት ሰው ነው። ምልዓተ ጉባኤው አልሞላም።»

«እኛስ ምንድን ነን? ወንበር ነን?» አለች ዳርቱ።

«በደንቡ ነው የምሠራው፣ እህቴ። ሁለተኛው ጥሪ የዛሬ ሳምንት ነው። በተገኘው ሰው ይወሰናል።»

«አሁኑኑ እንፈርማለን!» አለች ለተሥላሴ።

«ስብሰባው ተዘግቷል።»

ለተሥላሴ ናኦልን ዞራ አየችው። አላልኩዎትም ወይ ብሎ ቢያፈጥባት ይሻላት ነበር፤ ልጁ ግን መሬት መሬቱን ያያል።

በማግስቱ ጀሪካኗን ይዛ ደረጃውን ስትጀምር በርናባስ ከኋላዋ ደርሶ ተቀበላት። «ይተዉ» ብትለው አልሰማም፤ እስከ አራተኛ ፎቅ ተሸክሞላት ወጣ። በሯ ላይ አስቀምጦ ላቡን እየጠረገ፦

«የልጅዎን ሰርግ ሰምቻለሁ። አይስጉ፤ ነጋዴው ሰርጉ እስኪያልፍ ይታገሣል። እኔ አነጋግሬዋለሁ» አለ።

ከንፈሯ ሊያመሰግነው ሲል ያዘችው። ደረጃው ላይ ግን በሮች ገርበብ ብለው ነበር፤ ጀሪካኑ ገና መሬት ሳይነካ ወሬው ምድር ቤት ደርሷል።

ቀጥላ ሰዉን «አሁን ፈርሙ» ልትል ስትዞር በር የሚከፈትላት በጠባቡ ሆነ። አቶ አካሉ መነጽራቸውን አውርደው አዩዋት። «ያኔ አትፈርሙ፣ ዛሬ ፈርሙ። በመሃል ምን በላሽ፣ ልጄ?»

ዳርቱ ደግሞ ግቢም አላለቻት።

«ማነው ፊርማ ግድ ነው ያለሽ?»

«ናኦል።»

«መቼ?»

«ከስብሰባው በፊት።»

ዳርቱ በሩን በግማሽ መለሰችው። ከዚያም «እያወቅሽ ነው የደበቅሽን?» አለቻት።

«አልደበቅኩም። አላመንኩትም ነበር።»

«አሁን ምን አሳመነሽ? ጀሪካኑ?» ብላ አፍጥጣ አየቻት። «ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር! ስንጥሯ አንቺ ትሆኛለሽ ብዬ ግን አልጠረጠርኩም።»

በሩ ተዘጋ። ለተሥላሴ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ቀረች። እሑድ ቤቷ ብትቀመጥ ማንም አይወቅሳትም፤ ሰርጓም ያምራል። ከሰርጉ በኋላ ሰው ቢሞት የት ይለቀስ የሚለው የሷ ጉዳይ አይሆንም። ያ ሐሳብ ሳምንቱን ሙሉ አብሯት ዋለ፣ አብሯት አደረ።

በሁለተኛው እሑድ ኮሚናሉ ውስጥ የተቀመጡት ናኦልንና በርናባስን ጨምሮ ባለፈው የፈረሙት ሰባቱ ብቻ ነበሩ። የቀረው ሰው ውጭ ባሕር ዛፉ ሥር ቆሞ፣ ማን ገብቶ እንደሚፈርም ይጠብቃል። ለተሥላሴ በመሃላቸው ስታልፍ መንገድ ለቀቁላት፤ ማንም ግን ሰላም አላላትም።

ብዕሩን አንሥታ ፈረመች። ከፊርማዋ አጠገብ በጉልህ «ለመገኘቴ ብቻ» ብላ ጻፈች። ከዚያም ተመልሳ በሩ ላይ ቆመች።

«ስሙኝ! በርናባስ የልጅዎ ሰርግ እስኪያልፍ ቤቱ አይያዝም ብሎኛል። የሰማችሁት እውነት ነው።»

የበርናባስ እጅ ከደረቱ ላይ ወረደ። «ወይዘሮ ለተሥላሴ፣ እኔ በቅንነት...»

«በቅንነትም ይሆናል፤ አላውቅም። እኔ የማውቀው፣ ዝም ብል የኔ ድግስ ይወጣልኝ እንደነበር ነው። አሁን በሰው ፊት ተናግሬዋለሁና እሱም ቀርቷል። የኔ ጨዋታ አልቋል። የናንተን እናንተ እወቁ።»

ነፋሱ ቆርቆሮውን አንኳኳ። መጀመሪያ የተንቀሳቀሰችው ዳርቱ ናት። ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ጠረጴዛው ጋ ደረሰችና ብዕሩን ያዘች።

«ብትሸጪኝም አውቄ ልሸጥ!» አለች። ለተሥላሴ የጻፈችውን ሁለቴ አነበበችና ፊደል በፊደል ገልብጣ ፈረመች። ከኋላዋ አቶ አካሉ መነጽራቸውን ከግንባራቸው ወደ ዓይናቸው አወረዱ። የቀረውም እያጉረመረመ ተከተለ።

ድምፁ እንደ ፊተኛው ሆነ፤ ኮሚናሉ እንዳይከራይ ተወሰነ። በርናባስ ውሳኔውን ጮክ ብሎ አንብቦ ሲያበቃ ቀና አለ።

«እሺ። ፓምፑንስ ምን እናድርገው?»

ያ ሁሉ ሰው ዓይኑን ወደ በሩ መለሰ። ናኦል «መዋጮ ብናደርግ...» ብሎ ሲጀምር ወንበሮች መንኳኳት ጀመሩ። ለተሥላሴ በርናባስን አየችው። ደክሞታል። ምናልባት ሰውየው ስለ ውኃው እውነቱን ኖሯል። ምናልባት። ይህን ማሰቡ ከጥርጣሬው በላይ ከበዳት።

ውጭ ዳርቱ ቆማ ጠበቀቻት። ጎን ለጎን እስከ ደረጃው ሄዱ፤ እንደ ወትሮው ግን ክንዷን አልያዘቻትም።

«ለሰርጉ እመጣለሁ» አለች ዳርቱ።

«ማን ቅሪ አለሽ?»

«ወጡን ግን እኔ ነኝ የማወጣው። የሥጋ ጓዳው ቁልፍም እኔ ዘንድ ነው የሚሆነው።»

«ምነው?»

«አንቺን ገና አላመንኩሽማ።»

ለተሥላሴ ልትስቅ አለች፤ ዳርቱ ግን አልሳቀችም። ሁለቱም፣ አንዷ ከፊት አንዷ ከኋላ፣ ደረጃውን ጀመሩት።