የበሩ አስተዳዳሪ

፩

በሩ እምቢ አለ።

ጋሽ ባዩ እጀታውን ጫኑት። አልከፈተም። ደግመው ጫኑት። ከእጀታው በላይ ያለችው ትንሽ መስታወት ቀይ አበራችና ጢጥ አለች። ከኋላቸው ሁለት ሽማግሌዎች ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ቆመዋል። ስንብቱ አልቋል፤ «በቸር ያገናኘን» ተብሏል። ተመልሶ መቀመጥ አያምርም፤ መውጣት ደግሞ አልተቻለም።

«ቤቱ ወዶናል መሰለኝ» አሉ ጋሽ ባዩ።

የሳቀ አልነበረም።

፪

አንባቢ ሆይ፣ በሩ ተዘግቶ ይቆይ። የትም አይሄዱም። እስከዚያ ጓዳ ስላለችው ልጅ እናውራ።

ትርሲት ንጋቱ ዕቃ ፈታሽ ናት። አዲስ ስልክ፣ ላፕቶፕ፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ ባትሪ መሙያ ሲወጣ ገዝታም ተውሳም ታመጣና ትሞክረዋለች፤ ከዚያ አስተያየቷን በቪዲዮ ለሕዝብ ትናገራለች። የቻናሏ ስም «ይገዛ ወይስ ይቅር» ነው። ሰው የወደደላት አለመሽኮርመሟን ነው። አንዱን ስልክ «ቁርስ ላይ ሞልታችሁት ምሳ ሳትበሉ ይሞትባችኋል» ብላ ነጋዴዎች ደውለው ሰድበዋታል። ሌላውን ላፕቶፕ «ይሞቃል፤ ለብርድ የገዛችሁት ከሆነ ግን ጥሩ ነው» ብላለች። ሥርዓቷ ሁልጊዜ አንድ ነው፦

ጥሩ ጎኑ።

መጥፎ ጎኑ።

ፍርድ።

ተከታዮቿ ፊት ፍርድ ሳትሰጥ የቀረችበት ቀን የለም። ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ባለው በወላጆቿ ቤት ግን አስተያየቷን የሚጠይቃት ሰው የለም፤ የቴሌቪዥኑ ሪሞት ካልተበላሸ በስተቀር።

፫

ዕቃ፦ ስልክ (የያፌት ስጦታ)

ጥሩ ጎኑ፦ ካሜራው። ማታ ላይ የተነሳ ፎቶ እንኳ ቀን ይመስላል።

መጥፎ ጎኑ፦ የሳጥኑ ማሸጊያ ተከፍቶ እንደገና ተለጥፏል። ስልኩ፣ ያዡ ያለበትን ቦታ ለሌላ ሰው ሁልጊዜ እንዲያሳይ ተደርጎ ተስተካክሏል።

ፍርድ፦

ያፌት ኤሌክትሮኒክስ አስመጪ ነው። የተዋወቁት ሱቁ የሚሸጠውን ስፒከር «ጠላት ካላችሁ ስጦታ ስጡት» ባለችበት ጊዜ ነው፤ ደውሎ በመሳደብ ፈንታ ሳቀ። በሳቁ ወደደችው።

ቦታ አሳዩን ያየችው ስልኩን በከፈተች በመጀመሪያዋ ደቂቃ ነበር። ጠየቀችው።

«ስለማስብልሽ እኮ ነው» አላት። «ከተማውን እያየሽው።»

ማጥፋቱ ሁለት ቦታ መንካት ብቻ ነው፤ ለስንቱ ሰው በቪዲዮ አስተምራለች። አላጠፋችውም። ብታጠፋው መጥፋቱን ያያል፤ ካየ ይጠይቃል፤ ከጠየቀ መመለስ አለባት።

፬

ዕቃ፦ ያፌት

ጥሩ ጎኑ፦ አይጠጣም። ያስቃል። እናቷ የታመሙ ጊዜ ሆስፒታል ወንበር ላይ አብሯት አድሯል። የአባቷን የድሮ ራዲዮ አሠርቶ ሲያመጣ ዋጋውን አልተናገረም።

መጥፎ ጎኑ፦

(ይህን የጻፈችው ትርሲት አይደለችም። ተራኪው ነው። እሷ ብትጽፈው ኖሮ ይህ ታሪክ ባላስፈለገ።)

በቴሌግራም «ሽማግሌ ልላክ?» አላት። ቪዲዮ እየቆረጠች ነበር። «እንነጋገርበት» ብላ ጻፈችና አጠፋችው። «ቆይ እስቲ» ብላ ጻፈችና አጠፋችው። መጻፍ መጀመሯንና ማቆሟን እሱ እያየ እንደሆነ ታውቃለች። ሲጨንቃት በመልእክቱ ላይ ልብ አስቀመጠችበት። ልብ ማስቀመጥ ማንበቤን ማሳወቅ ነው እንጂ መልስ አይደለም ብላ ራሷን አሳመነች።

በማግሥቱ ለእናቷ ደወለላቸው።

፭

መመሪያ (ከበሩ መቆለፊያ ጋር ሳጥኑ ውስጥ የመጣ፤ ተራኪው እንደተረጎመው)

ሀ. መተግበሪያውን ስልክዎ ላይ ይጫኑ። መጀመሪያ የተመዘገበው ሰው የበሩ አስተዳዳሪ ነው።

ለ. የቤተሰቡን የጣት አሻራ ያስመዝግቡ።

ሐ. ማን መቼ እንደገባና እንደወጣ አስተዳዳሪው ከያለበት ማየት ይችላል።

መ. የሕፃናት ጥበቃ ሲበራ በሩ ከውስጥም ሆነ ከውጭ የሚከፈተው በአስተዳዳሪው ብቻ ነው።

ሠ. አስተዳዳሪው ሌላ አስተዳዳሪ ካልሾመ በቀር ሌላ አስተዳዳሪ የለም።

መቆለፊያውን ያፌት ነው ያመጣው፤ መሰርሰሪያ ይዞ መጥቶ በገዛ እጁ ገጠመው። «ለእማዬና ለአባዬ» አለ። እናቷ ወይዘሮ አስካለ መረቁት። የፈታውን አሮጌ ቁልፍ ሊጥለው ሲል አቶ ንጋቱ ከእጁ ተቀበሉት።

«ይሄ ያረጀ ብረት ምን ያደርግልዎታል አባዬ?»

«አብሮኝ ነው ያረጀው» አሉና በፌስታል ጠቅልለው አልጋ ሥር ከተቱት።

ትርሲት መመሪያውን አንብባዋለች። እንደ ሥራዋ፣ እስከ መጨረሻው። «አስተዳዳሪነቱን ለአባዬ አዛውረው» ልትለው አስባ «ስጦታውን አጣጣለችው እንዳይሉኝ» ብላ ተወችው።

፮

ሽማግሌዎቹ እሑድ ከሰዓት መጡ። ደወሉን ሲደውሉ ወይዘሮ አስካለ ሊከፍቱ ተነሱ፤ ገና ሳይደርሱ በሩ ራሱ ጠቅ ብሎ ተከፈተ።

«ሥልጣኔ!» አሉ።

ጋሽ ባዩ፣ ጡረተኛው ኮሎኔል ዘርፉ እና ከዘራ የያዙ፣ ብዙ የማይናገሩ አንድ አዛውንት። እንደ ወጉ አንቀመጥም አሉ፤ ጉዳይ አለን አሉ፤ «ልጃችሁን ለልጃችን» አሉ። ትርሲት እንደ ወጉ ጓዳ ናት። በሩን ገርበብ አድርጋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።

አቶ ንጋቱም እንደ ወጉ መለሱ፦ «መልካም። ቤተሰብ ይማከርና በሁለት ሳምንት መልስ እንሰጣለን።»

ትርሲት ትንፋሿን ለቀቀች። እንዲህ ያለ ነገር በዕለቱ አይመለስም፤ ልማዱ ነው። ሁለት ሳምንት። በሁለት ሳምንት ውስጥ እናቷን ታናግራለች፤ ያፌትን ታናግራለች፤ ያንን ባዶ መስመር ትሞላለች። ከቤቱ በሮች ሁሉ የተረፈላት በር ይህቺ ሁለት ሳምንት ነበረች።

ሽማግሌዎቹ መርቀው ተነሱ።

፩ (እንደገና)

በሩ እምቢ አለ።

፯

የተባለው እንደተባለ፦

ወይዘሮ አስካለ፦ ጠንከር አድርገው ይጫኑት፣ አዲስ ሆኖ ነው።

ኮሎኔል ዘርፉ፦ እስቲ ዞር በሉ። ወደ ላይ ነው እንጂ እጀታው።

ጋሽ ባዩ፦ ኮሎኔል፣ ስንት ምሽግ ሰብሬያለሁ ሲሉን አልነበር?

ኮሎኔል ዘርፉ፦ የዚያን ጊዜ ምሽግ በስልክ አይሠራም ነበራ!

አቶ ንጋቱ፦ የኔን ጣት ያውቃል፣ አሳልፉኝ። (ጢጥ።) ትናንት ያውቀኝ ነበር።

ባለ ከዘራው፦ የስኳር መድኃኒቴ መኪና ውስጥ ነው ያለው።

ወይዘሮ አስካለ፦ በስመ አብ! ትርሲት! ነይ እስቲ!

ልጅቱ ሽማግሌ ፊት የምትወጣበት ሰዓት አልነበረም። ወጣች። አንገቷን ሰበር አድርጋ ሰላምታ ሰጠችና መስታወቷን አየች። ከቀዩ መብራት ሥር የሕፃን ልጅ ሥዕል አለ።

ጋሽ ባዩ፦ ምን ይላል ልጄ?

ትርሲት፦ የሕፃናት ጥበቃ በርቷል ነው የሚለው።

ጋሽ ባዩ፦ በዚህ ሽበቴ!

ኮሎኔል ዘርፉ፦ ማን ነው ያበራው?

ትርሲት፦ አስተዳዳሪው።

አቶ ንጋቱ፦ እኔ? እኔ መቼ ነካሁት?

ትርሲት፦ አስተዳዳሪው አንተ አይደለህም አባዬ።

አቶ ንጋቱ፦



አቶ ንጋቱ፦ በቤቴ?

፰

ጋሽ ባዩ ለያፌት ደወሉለትና ድምፁን ለሁሉም ከፈቱት። ያፌት እንደ ወጉ አልመጣም፤ እታች ካፌ ሆኖ ይጠብቃል።

«አንተ ልጅ! ቆልፈህብን ጭማቂ ትጠጣለህ?»

«ወይኔ! ወይኔ ጋሼ፣ ረስቼው ነው! እናንተን ካስገባሁ በኋላ ላጠፋው ነበር።» ይስቃል፤ ያ የሚወደድ ሳቁ ነው። «ምን መሰላችሁ፣ ትርሲት ዛሬ ቀረጻ አለኝ ስትል ነበር። እማዬና አባዬ ከቅዳሴ መግባታቸውን አየሁና አበራሁት። እንዳታመልጠን ብዬ!»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ወይዘሮ አስካለም አብረው ፈገግ አሉ። አቶ ንጋቱ በሩን እያዩ ነበር፤ ከቅዳሴ ስንት ሰዓት እንደገቡ የነገሩት ሰው አልነበረም።

ጠቅ።

በሩ ተከፈተ። ከደረጃው ነፋስ ገባ።

፱

እዚህ ላይ አንድ ነገር ተደብቋል፤ ተራኪው የደበቀው እሷ ስለደበቀችው ነው።

ሽማግሌዎቹ ከመምጣታቸው በፊት፣ ወላጆቿ ልብስ ሲቀይሩ፣ ትርሲት ካሜራዋን በትከሻዋ አንግታ፣ ጫማዋን አድርጋ እስከ በሩ ሄዳ ነበር። እጀታውን ጫነችው። ቀይ። የሕፃኑን ሥዕል አየችው። ምን ማለት እንደሆነ ከዚያ ቤት የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

ለማንም አልተናገረችም።

ጫማዋን አወለቀች።

፲

በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ የወጣ ግን የለም።

«እንግዲህ አቶ ንጋቱ» አሉ ጋሽ ባዩ። «በሩን የከፈተልን ልጃችን ነው። ከዚህ ወዲያ ምን ምልክት ይፈለጋል? የቤቱን ቁልፍ ይዞ የለም እንዴ! ሁለት ሳምንት ምን ያደርጋል? ዛሬውኑ እሺ በሉንና መርቀን እንውረድ።»

«እውነትም» አሉ ኮሎኔሉ።

ወይዘሮ አስካለ ባላቸውን አዩ። «ልጅቷም ዝም ብላለች፤ ዝም ካለች…»

አቶ ንጋቱ ወደ ጓዳ ገቡ። ሲመለሱ በአንድ እጃቸው ፌስታል፣ በሌላው ብሎን መፍቻ ይዘዋል። አሮጌውን ቁልፍ ከፌስታሉ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ፣ ከሽማግሌዎቹ የውሃ ብርጭቆ አጠገብ አኖሩት።

«ይሄ ሲቆለፍ ያስቸግራል» አሉ። «ዝናብ ሲሆን ይነክሳል። ግን ማን ገባ ማን ወጣ ብሎ ለሰው አያወራም።»

«አንተ! እንግዳ ፊት!» አሉ ወይዘሮ አስካለ።

አቶ ንጋቱ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ትርሲት፣ ያንቺን ቪዲዮ አንድ ሳይቀረኝ ነው የማየው። ስልኩንም ምኑንም አላውቀው፤ አንቺ ስትፈርጂ ለመስማት ነው። ስለዚህ ጉዳይ ግን ምን ትያለሽ ብዬ አልጠየቅሁሽም። ወጉ የወንዶች ነው ብዬ ነበር።» ብሎን መፍቻውን ዘረጉላት። «አሁን ጠየቅሁሽ።»

ተቀበለቻቸው። እጇ የለመደው ሥራ ነው። የመጀመሪያውን ብሎን ፈታች። ሁለተኛውን ፈታች።

«መጥፎ ጎኑ» አለች። በቪዲዮው ድምፅ ልትጀምር ፈልጋ ነበር፤ የወጣው የራሷ ድምፅ ነው። «መጥፎ ጎኑ፣ ቀድሜም በሩ ድረስ ሄጄ ነበር። ተዘግቶ አገኘሁትና ተመልሼ ቁጭ አልኩ።»

ወይዘሮ አስካለ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

ያኔ ነው የጋሽ ባዩ ስልክ እንዳልተዘጋ ሁሉም ያስታወሰው።

«ሃሎ?» አለ ያፌት። «ጋሼ? አሁን ማስጠንቀቂያ መጣልኝ፤ መቆለፊያው እየተፈታ ነው ይለኛል።» ሳቁ የለም። «ማን ነው? ትርሲት፣ አንቺ ነሽ?»

ጋሽ ባዩ ስልኩን በመዳፋቸው ይዘው ወደ እሷ ዘረጉት። በሩ ክፍት ነው። ደረጃው ይታያል። የመጨረሻው ብሎን በግማሹ ወጥቷል።

«ትርሲት? ሽማግሌዎቹን ምን ልበላቸው?» አለ ያፌት።

፲፩

ትርሲት፦ ፍርድ፦ ይቅር።