ቡሬዋ ሚኔ

ሂሳኤ የውሻ ውድድሩ ሜዳ ስትደርስ የወንድሟ ልጅ ቴትሱያ ውሻዋን ሚኔን በሩዝ ዱቄት እያለበሳት ነበር። የሚኔ ጀርባና ግራ ጆሮ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ አለ። እሱ ይነሰንሳል፣ እሷ ምላሷ የደረሰበትን ሁሉ ትልሳለች።

«ውሻ ነው የምታዘጋጀው ወይስ ጣፋጭ?» አለችው።

«አክስቴ፣ ዝም በይና ያዥልኝ። ቅጹ ላይ ነጭ ብዬ ሞልቻለሁ።»

በጃፓን የኪሹ ተራሮች ድሮ ቡሬና ዝንጉርጉር ውሻ ሞልቶ ነበር። ኋላ የውሻ ማኅበር ተቋቋመና አንድ ቀለም ያልሆነ አይመዘገብም ተባለ። ከዚያ ወዲህ ቡሬ ቡችላ ሲወለድ ጎረቤት ሳይሰማ ወንዝ ይጣል ጀመር። የሂሳኤ አባት ግን እንቢ ብለው አንዲቱን ከሰል በሚያከስሉበት ጎጆ ደብቀው አሳደጉ። ሚኔ የእሷ ዘር ናት። አሁን ቤት ውስጥ ስድስት ቡችሎች አሏት፤ ስድስቱም ቡሬ። እናታቸው ዛሬ በውድድሩ ደረጃ ካገኘች ቀለማቸው ሳይታይ በእሷ ስም የዘር ወረቀት ይወጣላቸዋል፣ ሰውም ይወስዳቸዋል። ካላገኘች ሂሳኤ በሰባ ዓመቷ ስድስት ውሻ ማሳደግ አትችልም። ዘሩም በሚኔ ያበቃል።

ተራቸው ደረሰና ሜዳው መሃል ቆሙ። ሚኔ እንደ ዘሯ ሁሉ ጭምት ናት፤ ሌሎቹ ሲጮሁ ዞር ብላም አላየች። ዳኛው አፏን ከፍቶ አንድ ጥርስ መጉደሉን አየ።

«የዱር አሳማ ነው?»

«አዎ፣ አሳማ ነው» አለች ሂሳኤ። ካቻምና አሳማው የባሏን ጭን ዘንጥሎ ሲጥለው፣ ሚኔ ድምፅ ሳታሰማ የአሳማውን ጆሮ ነክሳ ሂሳኤ ጠመንጃዋን እስክታጎርስ ድረስ አልለቀቀችም። ባሏ ዛሬ እያነከሰም ቢሆን ይሄዳል።

ዳኛው በአክብሮት ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ መዳፉን በሚኔ ጀርባ ላይ አሳለፈና ቆም አለ። መዳፉ ነጭ ሆኗል። ሱሪው ላይ ጠረገውና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እናቴ፣ እኔም የተራራ ልጅ ነኝ። ነጭ ብዬ ልጻፍልዎት?»

ሂሳኤን ያንገበገባት ይሄ ደግነቱ ነው። አባቷ ከሰል ጎጆ ውስጥ የደበቁትን እሷ ዛሬ ዱቄት ውስጥ ልትደብቅ ነው። አፈረች፤ ወዲያው ደግሞ ተናደደች። ከቦርሳዋ የውሃ ጠርሙሷን አውጥታ ሚኔ ጀርባ ላይ ገለበጠችው። ዱቄቱ ሊጥ ሆኖ ወረደ፣ ነጠብጣቡም አንድ በአንድ ወጣ። ተመልካቹ አጉረመረመ።

«ቡሬ ብለው ይጻፉ» አለች።

«እንደዚያ ከጻፍኩ ወረቀት የላትም።»

«አሳማውን ስትይዝም ወረቀት አልነበራትም።»

ዳኛው ጻፈ። ሂሳኤ ውሻዋን ይዛ ቀስ ብላ ከሜዳው ወጣች። ቴትሱያ ፊቱ ቀልቶ መኪናው አጠገብ ጠበቃት። ቤቱ ያሉት ሦስት ውሾች በሙሉ ነጭ፣ በሙሉ ባለወረቀት ናቸው። ይሄን ሁሉ ደክሞ መና መቅረቱን፣ ሰው ፊት መዋረዱን ሲነግራት፣ እሷ የሚኔን ጀርባ በጨርቅ ታደርቅ ነበር።

«አሁን እነዚያን ስድስት ቡችሎች ማን ይወስዳቸዋል?» አለ በመጨረሻ።

ሂሳኤ ከሚኔ ጆሮ ላይ የቀረውን ሊጥ በጣቷ ጠረገች።

«አንዷን አንተ ትወስዳለህ። ማታ መጥተህ ምረጥ።»