የማን ቅባት ነው?

ዘውገ አዋቂ ነው። ይህን የሚክድ የለም፤ እሱ ራሱ ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ ይመሰክርላችኋል። በወጣትነቱ በሱዳን በኩል ተሰዶ፣ የሰው መኪና ፓርክ እያደረገ ፊዚክስ ተምሮ፣ ዛሬ ኖርዝ ላስ ቬጋስ መጋዘኖች መሀል ባለች ትንሽ ድርጅት ውስጥ የጨረር ዲተክተር የሚነድፈው እሱ ነው። ዲተክተር ማለት ጋዝ የተሞላ ሳጥን ነው፤ ውስጡ ከጸጉር የቀጠኑ ሽቦዎች ተወጥረዋል። ከሰማይ የሚወርድ ቅንጣት ጋዙን ሰንጥቆ ሲያልፍ ሽቦዎቹ ምልክት ይሰጣሉ። አቤት ሲያወራው! ለቅሶ ቤት ተቀምጦ እንኳ ወሬው ይኸው ነው።

«ጠላቴ ቅባት ነው» ይላል ጣቱን ቀስሮ። «የእጅ ሎሽን፣ የጸጉር ቅባት፣ ሲሊኮን ያለበት ነገር ሁሉ ትነቱ ሽቦው ላይ ይጋገራል። ያኔ ዲተክተሩ አለቀለት!»

በ2020 ኮሮና ገብቶ ካዚኖዎቹ ሲዘጉ እህቱ ብርቅታይት ከሆቴል ጽዳት ሥራዋ ተቀነሰች። ዲቪ ደርሷት የመጣች ናት፤ እሱ ሲሰደድ ገና ጡት አልጣለችም ነበር። እንደ አባት ነው የምታየው፤ «እርስዎ» እንጂ «አንተ» ብላው አታውቅም። እሱም፣ ሐቁን እንናገር፣ አልጨከነባትም። አለቃውን ለምኖ ሽቦ ወጣሪ አድርጎ አስቀጠራት።

የመጀመሪያው ቀን ያንኑ የቅባት ስብከቱን አወረደባት። «ጸጉርሽን ተጠንቀቂ! አንዲት ጠብታ ብታስገቢ ታዋርጂኛለሽ» አላት።

«እሺ ጋሼ» አለች።

ከዚያ በኋላ ባያት ቁጥር ቆብ ራሷ ላይ፣ ማስክ አፍንጫዋ ላይ ነው። በኮሮና ምክንያት ቤት ለቤት መጠያየቅ ቀርቶ ነበርና ከዓይኗ በቀር ምኗንም አላየም። ጣቷ ግን ያስደንቅ ነበር። ማጉያ መነጽሩ ላይ አጎንብሳ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ ሽቦውን ከዳር ዳር ስትወጥረው አንዱም አይበጠስባትም። ሥራውን ወደደችው። «እኔም እንዲህ ያለ ነገር እሠራለሁ?» ትል ነበር እየሳቀች።

በዚያ ሰሞን ጋዙን የሚያስገባው ቫልቭ ከፋብሪካው ዘገየ። ዲተክተሩን ያዘዘው ዩኒቨርሲቲ ይነዘንዛል። ዘውገ ገበያ ላይ የተገኘ ሌላ ቫልቭ መርጦ በንድፉ ላይ ተካው። ፈትቶ ውስጡን አላየም። እሱ የመረጠው ነገር ደግሞ ምን ይፈተሻል!

ጥቅምት ላይ ዲተክተሩ ጥቂት ሠርቶ ደከመ፤ ምልክቱ እየሟሸሸ ሄዶ ጠፋ። ሽቦው በማጉያ ሲታይ ሲሊኮን ተጋግሮበታል። አለቃው ሁሉንም በዙም ሰብስቦ «ከየት መጣ?» አለ።

ዘውገ ማሰብ እንኳ አላስፈለገውም። «እህቴ ጸጉሯ ረጅም ነው» አለ። «የእኛ አገር ሴቶች ደግሞ ጸጉራቸውን ሳይቀቡ አይወጡም። እህቴ ናት ብዬ አልሸፍንም።»

እስቲ ይታያችሁ! ማንም ስሟን ሳያነሳ! ቀኑን ሙሉ በሐቀኝነቱ ሲኮራ ዋለ። ብርቅታይት በማግስቱ ተሰናበተች። አንድ ቃል አልተነፈሰችም፤ እሱም ዝምታዋን እንደ ማመን ቆጠረው። መጋዘን ገብታ ካርቶን እየጫነች መሆኑን በኋላ ከሰው ሰማ።

ሁለተኛውን ዲተክተር የወጠረው ሌላ ሠራተኛ ነው፤ ለምልክት ያህል እንኳ ጸጉር የሌለው ራሰ በራ። ያም ዲተክተር እንደ ፊተኛው ደክሞ ጠፋ። እንግዲህ የማን ጸጉር ይከሰስ? ዘውገ ቫልቩን የፈታው ያን ጊዜ ነው። ውስጡ በሲሊኮን ግሪስ ተለውሶ ያብረቀርቃል። በሩን ዘግቶ ቁጭ አለ። አፈረ፣ ግን ብቻውን ነው ያፈረው። ቫልቩን ቀየረ፣ ሦስተኛው ዲተክተር እንደ ልብ ሠራ፣ አለቃው ምን እንዳደረገ ሲጠይቀውም «ቫልቩን አሻሻልኩት» አለ። ተጨበጨበለት።

ጭብጨባው ግን እንቅልፍ አልሰጠውም። በ2021 የካቲት ላይ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ «አንተም» ከሚባለው ሰፈር፣ ከቤቱ ተነስቶ ወደ አፓርታማዋ ነዳ። ሻሽ እንዳሰረች በሩን ከፈተችለት።

«ይግቡ ጋሼ» አለች። እሱ ደጃፉ ላይ ቆመ።

«ያ ነገር ተጣርቷል። ያንቺ ጥፋት አይደለም። ተመለሺ፣ ቦታሽ አለ።»

«ማን ነው ያጣራው?»

«እኔ።»

«ጥፋቱስ የማን ሆነ?»

«የቫልቭ።»

«ቫልቩን ማን መረጠው?»

«ጊዜው እንደምታውቂው ነው፣ ዕቃ ጠፍቶ...»

«ለአለቃው ነግረውታል?»

«አሁን ምን ያደርጋል? ዋናው መመለስሽ ነው።»

ብርቅታይት ሻሿን ፈታችው። ያ ወገቧ ድረስ ይወርድ የነበረ ጸጉር የለም። ገና ጆሮዋን ያልሸፈነ አጭር ጸጉር ብቻ ነው ያለው።

«ተጠንቀቂ ያሉኝ የዕለቱ ዕለት ተላጨሁት» አለች። «ቅባቱን ብተወው እንኳ የድሮው ይኖራል፣ ጋሼን አዋርዳለሁ ብዬ። እዚያ እስካለሁ ድረስ ስላጨው ነበር። ስጦታ የምትባለው ጎረቤቴ አይታኝ ደረቷን መታች፤ ‹ማን ሞቶብሽ ነው?› አለችኝ። ኧረ ማንም፣ ለሥራ ነው ብላት አላመነችኝም።»

«ታዲያ ያኔ ለምን አልተናገርሽም? ቆብሽን አውልቀሽ ብታሳዪው...»

«አለቃው ‹ወንድምሽ ነው ያለው› አለኝ። ቆቤን ባወልቅ እርስዎ ውሸታም ሊባሉ ነው። ከእንጀራዬ የእርስዎ ክብር ይበልጥብኝ ነበር።»

ዘውገ ዓይኑ እንባ ሞላ። «ብርቄ፣ በማርያም! ነገ እነግረዋለሁ። ሁሉንም እነግረዋለሁ።»

«ነገሩትም አልነገሩትም የእርስዎ ጉዳይ ነው። ስጦታ እንደሆነች ዛሬም ማን ሞቶብሽ ነው ማለቷን አልተወችም። ከእንግዲህ መልስ አለኝ። ወንድሜ ነው እላታለሁ።»

ሻሿን መልሳ አሰረች። «በሉ ጋሼ፣ ሺፍቴ ደርሷል» ብላ በሩን ዘጋችው።