ባለፋብሪካው ልብስ ሰፊ

ከኤምባሲው ፊት ለፊት ካለው ሕንፃ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ጠባብ ቢሮ አለች። ባለቤቷን ሰፈሩ ሁሉ «ቆንስሉ» እያለ ይጠራዋል። ሥራው የሰው የቪዛ ፎርም መሙላት፣ ለቃለ መጠይቅ ማሠልጠንና ረግጦት የማያውቀውን አገር እንደ ገዛ ጓዳው ማውራት ነው። ራሱ አራት ጊዜ አመልክቶ አራት ጊዜ ተከልክሏል። ይህን ያነሳበት ሰው ካለ ዓይኑን በጨው ታጥቦ «ለዚህ እኮ ነው በሩን አሳምሬ የማውቀው» ይላል። አራት ጊዜ የወደቀ ተማሪ አስተማሪ የሚሆንበት ሌላ ሙያ መኖሩን እንጃ።

ልብስ ሰፊው እዚህ ሰው ፊት የተቀመጠው ወዶ አልነበረም። ውጭ አገር የምትኖር አንድ ልጁ ከአንድ ወር በኋላ ቀዶ ሕክምና ሊደረግላት ቀጠሮ ተይዞላታል። ባል የላትም፤ ገና ሁለት ዓመት ያልሞላት ሕፃን አለቻት። እሷ ሆስፒታል ስትተኛ ሕፃኗን የሚይዝላት ዘመድ እዚያ አገር የለም። «አባዬ፣ አንተ ካልመጣህ ለማላውቀው ሰው ነው የምሰጣት» አለችው በስልክ። ያን ቀን ጀምሮት የነበረውን ኮት እጅጌ ሳይገጥምለት ተነሳ።

«ሥራ?» አለ ቆንስሉ፣ ጣቶቹን ኪቦርዱ ላይ ደርድሮ።

«ልብስ ሰፊ።»

ቆንስሉ ጣቶቹን አነሳ። «ጋሼ፣ ይሄ ነገር አይሆንም።»

«ምኑ ነው የማይሆነው? ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራሁበት እኮ ነው!»

«ልብስ ሰፊ ነኝ ሲሏቸው የኤምባሲ ሰዎች ምን ይላሉ መሰለዎት? መቀሱን ኪሱ ከቶ መጥቶ አገራችን ይቀራል ነው የሚሉት። ሥራ አስኪያጅ ግን ይመለሳል። ወንበሩን ጥሎ የት አባቱ ይሄዳል?»

ልብስ ሰፊው መቆጣት ነበረበት። እውነቱ ይነገር ከተባለ ግን ደስ አለው። «የልብስ ፋብሪካ ዋና ሥራ አስኪያጅ» የሚለውን ስክሪኑ ላይ ሁለት ጊዜ አነበበው። ዕድሜውን ሙሉ እግራቸው ሥር ተንበርክኮ የሥራ አስኪያጆችን ሱሪ ሲለካ የኖረ ሰው ነው፤ ከመካከላቸው አንዱ እንኳ ስሙን ጠይቆት አያውቅም። ለአንድ ወር ብሆን ማንን እጎዳለሁ አለ በሆዱ። ቆንስሉ ከመሳቢያው ውስጥ የየትኛው ፋብሪካ እንደሆነ የማይታወቅ ማኅተም አውጥቶ ወረቀቱ ላይ ደብ አደረገበት።

ከዚያ ልጁ የላከችው የመጋበዣ ደብዳቤ መጣ። ሁለት ገጽ ሙሉ፣ በዚያ አገር ቋንቋ የተጻፈ። ልብስ ሰፊው ቋንቋውን አያውቀውም። «እስቲ ምን እንደምትል አንብብልኝ» አለ።

ቆንስሉ ከላይ ቀኑን፣ ከታች ፊርማውን አየ። «የልጆች ደብዳቤ ያው ነው። አባቴ ናፈቀኝ ምናምን» አለና ከፎርሙ ጀርባ በስቴፕለር መታው። ቋንቋውን ያነባል ብሎ የሚምልለት ሰው ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ሥልጠናው ሦስት ቀን ፈጀ። ስንት ሠራተኛ አለዎት? አርባ ሁለት። በወር ስንት ሸሚዝ ያመርታሉ? ሁለት ሺህ። ልብስ ሰፊው እየተማረ በሄደ ቁጥር አገጩ ከፍ፣ ድምፁ ወፈር ይል ጀመር። በሦስተኛው ቀን ስለ ሠራተኞቹ ስንፍና እስከማማረር ደረሰ።

«ዋናው ነገር» አለው ቆንስሉ፣ «መስኮቱ ጋ ከደረሱ በኋላ ሰማይና ምድር ቢገለበጥ ቃልዎን እንዳይቀይሩ።»

በቀጠሮው ቀን ከመስታወቱ ጀርባ መነጽር ያደረገች ሴት ተቀምጣለች፤ አጠገቧ አስተርጓሚ አለ። ስለ ሠራተኞቹ ጠየቀችው፤ አርባ ሁለት አለ። ስለ ሸሚዙ ጠየቀችው፤ ሁለት ሺህ አለ። ከዚያ የልጁን ደብዳቤ ገልጣ ማንበብ ጀመረች። አስተርጓሚው እየተከተለ ወደ አማርኛ ይመልስለታል።

«አባቴ ልብስ ሰፊ ነው ትላለች ልጅዎ። እናቴ ከሞተች በኋላ በአንዲት የስፌት መኪና አሳድጎ አስተማረኝ። ሕፃኔን አምኜ የምሰጠው ሰው ከእሱ በቀር የለኝም፣ ትላለች።»

ልብስ ሰፊው እንዲህ ብላ መጻፏን አላወቀም ነበር።

«ፎርሙ ላይ ግን ፋብሪካ አለኝ ብለዋል» አለ አስተርጓሚው። «ከሁለታችሁ አንዳችሁ ዋሽታችኋል። ማን ነው የዋሸው?»

እኔ ማለት ነበረበት። ምን ይከብዳል? ከኋላው ግን ወረፋ የያዘ ሰው ተኮልኩሏል፤ ሁሉም ጆሮውን ያቆመ መሰለው። ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ገብቶ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ልብስ ሰፊ ሆኖ መውጣት ሞት ሆነበት።

«እሷ ናት» አለ። «ልጅ ናት፤ ስለ እኔ ሥራ ምን ታውቃለች?»

ሴትየዋ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችም። ብዙ ጻፈች። «ውሳኔው ለእርስዎም ለጋባዥዎም ይላካል» አለው አስተርጓሚው።

ቆንስሉ ደረጃው ሥር ይጠብቀው ነበር። «ቃልዎን ቀየሩ?»

«አልቀየርኩም።»

«በቃ፣ አለቀ! ሻንጣዎን ይግዙ!» ብሎ ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

ከአራት ቀን በኋላ ልጁ ደወለች። የክልከላው ደብዳቤ ደርሷታል። ጋባዥዋ ስለ አባቷ የሐሰት መረጃ ማቅረቧን አባትየው ራሱ አረጋግጧል ይላል። ሕፃኗን የምትይዝላት ሴት በማስታወቂያ ማግኘቷን፣ ሴትየዋ ደህና ሰው እንደምትመስል ነገረችው። አልጮኸችበትም፤ ብትጮህበት በተሻለው ነበር።

«አባዬ» አለችው መጨረሻ ላይ፣ «እኔ እኮ እዚህ ላገኘሁት ሰው ሁሉ አባቴ ልብስ ሰፊ ነው እያልኩ ነው የምኮራብህ። አንተ ግን እኔን ውሸታም አድርገህ ማንን ልትመስል ነበር?»