የሦስተኛው ቀን ጫት

«ያዝ እንጂ ሙባሪክ። የእህትህ ዱዓ እኮ ነው» አሉ አባባ ሰይዶ፣ ከተመረቀው ጫት ሁለት ለምለም ቀንበጥ መዝዘው።

ለቀስተኛው ሁሉ ጠበቀ። ቡታጅራ ውስጥ እንዲህ ባለ የሀዘን ሦስተኛ ቀን ሽማግሌ መርቆ ያቀበለውን ጫት መመለስ ሟቹን እንደ መናቅ ነው፤ ቀድሞ የሚቀበለውም የቅርብ ሀዘንተኛው ነው። ሙባሪክ ደግሞ መቃም ካቆመ አምስት ወሩ።

«ሀዘን ላይ አይቆጠርም» ሲል ከጎኑ የተቀመጠው ናጃህ በጆሮው ሹክ አለው። የድሮ የበርጫ ጓደኛው ነው፤ ክፋት የለውም፣ ብቻውን መቃም ግን አይሆንለትም።

ያስተወችው ሟቿ እህቱ ዘይባ ነበረች። ጫቱ ላይ ኪኒን መደረብ ጀምሮ ሥራውን ባጣ ሰሞን፣ ልክ በበርጫ ሰዓት እየመጣች ከቤት ታወጣውና ሱቋ ውስጥ ከዛላ በርበሬ ክምር ፊት ታስቀምጠው ነበር። «ቀንጥስ። ጫት የለመደ እጅ ይሄ አያቅተውም» ትለዋለች እየሳቀች። ጫት የመተው ዱካኩ ጠንቶበት ከአልጋ አልነሳ ያለ ቀን እንኳ አልተቆጣችውም። ጫማዋን አውልቃ እግሩ ሥር ተቀመጠችና «እንግዲያው እኔም አልሠራም» አለች። እስከ አሥር ሰዓት አብራው ዋለች።

ማክሰኞ ከእንሴኖ ገበያ ስትመለስ የተሳፈረችበት ባጃጅ ተገለበጠ። ከዚያ ወዲህ ሙባሪክ አላለቀሰም። ደረቱን የተጫነው ዱካክ ይሁን ሀዘን መለየት አቅቶታል። ጥቂት ቅጠል ጉንጩ ቢገባ ሁለቱም ለዛሬ ዞር እንደሚሉለት ያውቃል። ነገ ጎትቶ የሚያወጣው ግን የለም። ይህን ሲያስብ ፈራ።

«አባባ፣ እኔ ትቻለሁ» አለ ጎርነን ባለ ድምፅ። «ያስተወችኝም እሷ ናት። ዱዓው ይድረሰኝ፣ ቅጠሉ ይቅርብኝ።»

ናጃህ አንገቱን ደፋ። ከወዲያ ጥግ አንድ ሰው አጉረመረመ። አባባ ሰይዶ የያዙትን ጫት ጥቂት አዩትና ምንጣፉ ላይ አኖሩት።

«ከጫቱ በፊትም ዱዓ ነበር» አሉ። «በል እጅህን ዘርጋ።»

ሙባሪክ ሁለት እጁን ዘረጋ። የመጀመሪያውን አሚን ሲል እንባው መጣ። ሽማግሌው ጠጋ ብለው እጆቹን ከሥር በመዳፎቻቸው ደገፉለት፤ ዱዓውን እስኪጨርሱም አልለቀቁትም።