ከትከሻ በላይ

ክንዴ አልነሣ ሲለኝ መጀመሪያ የጠረጠርኩት ትራሴን ነው። ትራስ ቀየርኩ። ፍራሹን ገለበጥኩ። እሱም አልሆነ ሲል ንፋስ ነው አልኩ፤ በር ከፍቼ ስለምሠራ ንፋስ መቶኝ ይሆናል። ሥራዬ ነው ብል ሥራዬን መተው ሊመጣ ነው፤ ስለዚህ ንፋስን ብወቅስ ይሻለኝ ነበር።

ፀጉር ሠሪ ነኝ። ፀጉር ሠሪ ማለት ቀኑን ሙሉ እጇን ሰቅላ የምትውል ሰው ናት። በቀኝ ፎን፣ በግራ ብሩሽ። ብሩሹ ፀጉሩን ይስባል፣ ፎኑ በሙቀቱ እየተከተለ ያስተካክለዋል። እጅ እንደ ተሰቀለ የሰው ባል ይታማል፣ እጅ እንደ ተሰቀለ ይሳቃል፣ ምሳም እዚያው ይቀዘቅዛል።

ፀጉር ቤቱ የኔና የታናሽ እህቴ ነው። ሰው ሁሉ ሚጢጢ ነው የሚላት። ቁመቷ አሁን የበሩን ጉበን ሊነካ ምንም አልቀረው፣ ስሙ ግን ከልጅነቷ ተጣብቆባት ቀርቷል። ማበጠሪያ አያያዝ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። መስኮቱ ጋ ያለው ወንበር የኔ ነው። ከመንገድ የሚያልፍ ሰው ቀና ሲል የሚያየው እሱን ነው፤ እዚያ የቆመችው የቤቱ ዋና እጅ መሆኗን ሳይነገረው ያውቃል። ያንን ወንበር ማንም አልሰጠኝም፤ ቆሜ ቆሜ ነው ያገኘሁት።

በሽታው ጡት መያዣዬ ላይ ጀመረ። እጄ ወደ ኋላ ዞሮ መቆለፍ አቃተው። ከፊት ቆልፌ ማዞር ለመድኩ። ቀጥሎ የራሴን ፀጉር ከኋላ ማበጠር አቃተኝ። ሌላው ይቅር፣ ፀጉር ሠሪ የራሷን ፀጉር ማበጠር ሲያቅታት ምን ይባላል? ጠቅልዬ ሻሽ አሰርኩበትና ፋሽን ነው አልኩ። ከዚያ ፎኑ ከደንበኛዬ ጆሮ ከፍ ባለ ቁጥር ትከሻዬ ውስጥ አንድ ነገር ይቆነጥጠኝ ጀመር። ወንበሩን ዝቅ አደረግኩት። ደንበኞቼ ጉልበታቸው አገጫቸው ሊደርስ እየተኮራመቱ ተቀመጡ።

«ዛሬ ደግሞ መሬት ለመሬት ነው እንዴ የምንሠራው?» አለች አንዷ።

ተሳሳቅን። ሚጢጢ ብቻ አልሳቀችም። ማምሻውን ፀጉር ጠርገን ልንዘጋ ስንል መጥረጊያውን ከእጄ ወሰደችው።

«እታለም፣ ትከሻሽ ጆሮሽ ሥር ገብቷል እኮ። በክንድሽ ሳይሆን በአንገትሽ ነው የምትሠሪው።»

«አንቺ ደግሞ ሐኪም ሆነሽ አረፍሽው?»

«ዓይን አለኝ። እስከ ወሩ መጨረሻ ሥራውን ተይውና ታከሚ። ካልሆነልሽ መስኮቱ ጋ ሌላ ሰው አቆማለሁ።»

«ወንበሬ ላይ?»

«ወንበር ነው እታለም፤ ዙፋን አይደለም።»

ደህና እደሪም ሳልላት ወጣሁ።

በማግስቱ በሄድኩበት ክሊኒክ ውስጥ አንድ ክፍል ሙሉ የትከሻ ሕመምተኛ አገኘሁ። አንዱ ትከሻው በየጨዋታው እየወለቀ ያስቸገረው በረኛ ነው። አንዱ ጣሪያ ሲለስን የኖረ። አንዷ ጸሐፊ ደግሞ ምንም ሳትሆን፣ ሳትወድቅ ሳትመታ፣ ትከሻዋ ዝም ብሎ ደርቆባት ካፖርት መልበስ አቅቷታል። ሁላችንም አንድ ክንዳችንን በሌላው አቅፈን ተራ እንጠብቃለን። ከኔ የባሰ ሰው ፈልጌ ዙሪያውን ቃኘሁ፤ ሳገኝ ደስ አለኝ፤ እንዲህ ነው ሰው።

ፊዚዮቴራፒስቷ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ጥፍሯን እስከ ሥሩ የቆረጠች ሴት ናት። ክንዴን ወደ ፊት፣ ወደ ጎን፣ ወደ ኋላ ወሰደችው። ወደ ውጭ ስታዞረው ጥርሴን ነከስኩ።

«ትከሻ ማለት ትልቅ ኳስ ትንሽ ሳህን ላይ ሲቀመጥ ነው» አለችኝ። «ዳሌ ጎድጓዳ ውስጥ ስለገባ አያመልጥም፣ እንደ ልቡም አይዞርም። ትከሻሽ እንደ ልቡ የሚዞረው ሳህኑ ትንሽ ስለሆነ ነው። ቶሎ የሚበላሸውም በዚያው ነው።»

«ታዲያ ኳሱን ማን ይዞት ነው?»

«አራት ትንንሽ ጡንቻዎች። ይኼ ከላይ የሚታየው ትልቁ ክንድሽን ያነሣል። አራቱ ከሥር ሆነው ኳሱን ሳህኑ ላይ ይይዙለታል። እነሱ ሲደክሙ ኳሱ ሽቅብ ይንሸራተትና ጅማታቸውን ከአጥንት ጋር ያጋጨዋል። ያንቺ የላይኛው ጅማት ተበልቷል። ደግነቱ ገና አልተበጠሰም።»

ትልቁ ይታያል፣ ትንንሾቹ ይሸከማሉ። ልክ የኛን ቤት ነገር ነው የነገረችኝ አልኩ በሆዴ። በዚያ ሰዓት ትንንሾቹ እኔ ነኝ ብዬ ነበር የማስበው።

ብዙ ነገር አሳየችኝ። ጎንበስ ብሎ ክንድን አንጠልጥሎ ቀስ እያሉ ማወዛወዝ። ግድግዳ ላይ በጣት ወደ ላይ መራመድ። በመጨረሻ ሰፊ ላስቲክ ሰጠችኝ፤ የበር እጀታ ላይ አስሬ፣ ክርኔን ጎኔ ላይ አጣብቄ ወደ ውጭ የምስበው።

«ትንሽ ወጠር እስኪል ብቻ። ካመመሽ አቁሚ።»

እዚህ ላይ ነው ጉዴ። ይቺ ሴት የነገረችኝ ባማርኛ ነው፣ ጆሮዬም ደህና ነው፣ ግን በኛ ሥራ ካመመ ማቆም የሚባል ነገር የለም። ፀጉር ካልተሳበ አይለሰልስም። ዓይኗ እንባ ያላቀረረ ደንበኛ ገና ከበር ሳትወጣ ፀጉሯ ተመልሶ ይጠቀለላል። ስንቷን «ቻዪ፣ ቁንጅና እንዲህ ነው» ብዬ ራሷን ወደ ኋላ ስቤያለሁ። ቻሉ፣ አማረባቸው፣ ተመልሰውም መጡ። እኔስ ምን ቆርጦኝ ነው ትንሽ ወጠር ሲል የማቆመው? ላስቲኩን እንደ ብርቱ ፀጉር ያዝኩት። ባመመኝ ቁጥር ይኸው ሠራልኝ አልኩ። ሲለምደኝ ደረብኩት። ማወዛወዙን የሰነፍ ጨዋታ ነው ብዬ ተውኩት፤ በሱ ፈንታ ውሃ የሞላ ባልዲ አንጠልጥዬ ጓዳ ውስጥ እዞር ጀመር።

ሕመሙ ባሰ። እኔም ደስ አለኝ። ሚጢጢ «እንዴት ነው?» ስትለኝ «እያመመኝ ነው፣ ሊድን ነው» እላታለሁ። እሷም እጇ ከኔው የተማረ ነውና «በርቺ» አለችኝ። ሁለታችንም አመንን። ዛሬ ሳስበው ከሁሉ በላይ የሚያቃጥለኝ ይኼ ነው፤ ክፋት ቢኖርባት ኖሮ የምጠላው ሰው አገኝ ነበር።

ወሩ ሊያልቅ ሲል ድኛለሁ ብዬ ወደ ፀጉር ቤቱ ተመለስኩ፤ በዚያው ቀን መምህርቷ መጡ። መምህርቷ የድሮ ደንበኛዬ ናቸው፤ ፀጉራቸው ወፍራም፣ ንግግራቸው ቀጭን፤ ከኔ በቀር ማንም ራሳቸውን አይነካም።

«እስከ ዛሬ የት ጠፋሽ? እንደ እብድ አደረግሽኝ እኮ» አሉኝ፣ ሄደው በቀጥታ መስኮቱ ጋ ተቀመጡ።

ሚጢጢ ከወዲያ ወንበር ሆና አየችኝ። እኔም አየኋት። ይኼን ራስ ብጨርስ ወንበሩ የኔ ነው፤ ባልጨርስ አይደለም። ይኼን ለመናገር ከሁለታችን አንዳችንም አፍ አላስፈለገንም።

ወንበሩን ዝቅ አላደረግኩትም። እንዲያውም ከፍ አደረግኩት፤ ትዕቢት ይሉሻል ይኼ ነው። ከማጅራታቸው ጀመርኩ፣ ደህና ሄደ። ጎንና ጎኑን አለፍኩ። ላብ ጀርባዬን አጠበው፣ መምህርቷ ግን ስለ ጎረቤታቸው ውሻ እያወሩኝ ነበርና አላስተዋሉም። ወደ አናታቸው ደረስኩ። ብሩሹን አስገብቼ ሳብኩ፣ ፎኑን አነሣሁ፣ ትከሻዬ ውስጥ አንድ ነገር ጧ አለ።

አልጮህኩም። ክንዴ ዝም ብሎ ወረደ፤ ያዝ ብለው እጄ አልሰማኝም። ፎኑ በትኩስ አፉ መምህርቷ አንገት ላይ አረፈ። የጮሁት እሳቸው ናቸው። ሚጢጢ መጀመሪያ ፎኑን አነሣች፣ ቀጥላ እርጥብ ፎጣ አንገታቸው ላይ አደረገች፣ ከዚያ ብሩሹን ከግራ እጄ ላይ ወስዳ የቀረውን ራስ ጨረሰችው። ጥሩ አድርጋ ጨረሰችው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው በኔ ደረሰ፤ ብብቴም ዳግመኛ ምንም የሚይዝ አልሆነም።

«ካመመሽ አቁሚ አላልኩሽም?» አለችኝ ፊዚዮቴራፒስቷ።

«ብለሽኛል።»

«ታዲያ?»

«ሲያም የሚድን መስሎኝ።»

ካርዴን ጎተት አድርጋ መጻፍ ጀመረች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ጅማቱ ሙሉ በሙሉ ተበጥሶ ወደ ኋላ ሸሽቷል። የቀዶ ሕክምና ሐኪም ሰፋው። ግን ቀድሞም የተበላ ስለነበር እንደ ድሮው አይሆንም ብሎ ቁርጡን ነገረኝ። ማንኪያ እይዛለሁ፣ ልብስ እለብሳለሁ። ከትከሻ በላይ ያለ ሥራ ግን አበቃ።

ክንዴ ከማንጠልጠያው ሲወጣ ሚጢጢ መታጠቢያው ጋ አቆመችኝ። «በወገብ ልክ ነው፣ ክንድ አያስነሣም። ቤት ተቀምጠሽ ከምትብሰለሰዪ» አለች። እውነቷን ነው። እሷ እውነቷን የሆነችበትን ጊዜ ሁሉ አልወድም። መስኮቱ ጋ አዲስ የተቀጠረች ሴት ቆማለች። እጇ ጎበዝ ነው። አንድ ቀን እንኳ ስህተት ላገኝባት አልቻልኩም፣ ፈልጌ ግን ነበር።

መምህርቷ ጊዜ ወስደው ተመለሱ። ገንዳው ላይ ራሳቸውን ጣል አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ። በግራ እጄ ውሃውን ለካሁ፣ በሁለቱም አሸሁላቸው። ጠባሳቸው ጋ ስደርስ ቀስ አልኩ። «እሰይ፣ እጅሽ ይባረክ» አሉኝ። ከዚያ ተነሥተው መስኮቱ ጋ ሄዱ፤ ስለ ውሻው ለአዲሷ ሲያወሩ ከዚህ ይሰማኛል።

ተሠርተው ሲያበቁ ሒሳቡን ለሚጢጢ ከፈሉና ወደኔ መጡ። እኔ ሌላ ራስ ላይ ነኝ፣ ሁለት እጄም አረፋ ነው። አጠገቤ ቆም አሉና የታጠፈች ብር ሽርጤ ኪስ ውስጥ ሸጎጥ አደረጉልኝ። በኛ ሥራ ይኼ ደንብ ነው። ለምትሠራሽ ሒሳብ ይከፈላል፣ ለምታጥብሽ ኪስ ውስጥ ይሸጎጣል፤ ለባለቤት ግን ማንም እንዲህ አያደርግም። ክፉ አስበው አይደለም። ዓይናቸው ውስጥ ደግነት እንጂ ሌላ አልነበረም።

መምህርቷ፣ እኔ እኮ ነኝ ልላቸው አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን «እግዜር ይስጥልኝ» ነው፤ እሱንም እንዳጣቢ ጎንበስ ብዬ።